ከዐማራት የመጡ አምስት የእንቁጣጣሽ ካርዶች

ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ተውኔትና ስለ ሥዕል ኤግዚቢሽን በየመጽሔቱ ሂስ ይጻፋል። ተማሪ በገዛ እጁ ስለሚሠራው የመልካም ምኞት መግለጫ ካርድ ግን ሂስ ተጽፎ አላየንም። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ካርዱ ተሰጥቶ፣ ተነቦ፣ ተመስግኖበት ወደ መሳቢያ ይገባል፤ አለዚያም ይጣላል። ዳሩ ግን ልጁ ሥዕልን፣ ጽሑፍንና ተቀባዩን ሰው በአንድ ጊዜ አስቦ የሚሠራው ሥራ ቢፈለግ ከእንቁጣጣሽ ወረቀት የሚቀድም የለም። ወንዶች ልጆች አበባና መልአክ ሥለው በማለዳ በየደጁ የሚያድሉት፣ ሳንቲም የሚቀበሉበት ያ ወረቀት በመሠረቱ የኛ ሀገር ፖስት ካርድ ነው። ስለዚህ አምስት ካርዶች መርጠን እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ ልንመረምራቸው ተነሥተናል።

ካርዶቹ የተሠሩት ለ2015 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ በካርቱም ከተማ፣ ዐማራት በሚባለው ሠፈር ነው። ዐማራት ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ መንገዶቹ በስም ሳይሆን በቁጥር የሚጠሩ፣ አያሌ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖሩበት የነበረ ሠፈር ነው። ከነዚህም መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ በጥላ ሥር ቡና እያፈሉ የሚሸጡ እኅቶቻችን ብዙ ነበሩ። ልጆቻቸውን ከሥራ መልስ አማርኛ ታስተምር የነበረች አንዲት ወጣት፣ ድንችና ላጲስ እያስቀረጸች፣ በማኅተም አሠራር ካርዶቹን አሠራቻቸው። የልጆቹ ዕድሜ ከ10 እስከ 14 ዓመት ነው። ስማቸውን ቤተሰቦቻቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ አንጠቅሰውም።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን፣ የፋሲካ ዋዜማ ቀዳም ሥዑር በዋለበት ዕለት፣ በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ውጊያው ከተቀጣጠለባቸው ሥፍራዎች አንዱ አውሮፕላን ማረፊያው ስለነበረ፣ የዐማራት ነዋሪ ቤቱን እየዘጋ ተሰደደ። የሱዳን ጦር ከተማዪቱን መልሶ የያዘው በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። አምስቱ ካርዶች በመተማ በኩል ወደ ሀገር የገቡት ከፓስፖርትና ከልጆች የክትባት ወረቀት ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ነው። ያመጧቸው እናት ለማስተማሪያ እንዲሆኑን አዋሱን።

በምንሠራበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ካርዶቹን በጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ ከየት እንደመጡ ሳንናገር፣ ሠልጣኞቻችን ከ10 ነጥብ እንዲሰጧቸው አደረግን። ውጤቱ አሳሰበን። በእኛ ግምት ከሁሉ የሚያንሰው ካርድ አንደኛ ወጣ፤ ከሁሉ የሚልቁት ሁለቱ በጅራት ቀሩ። ከእነዚህ ሠልጣኞች እያንዳንዱ ነገ ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ቆሞ ስለ «ቆንጆ ሥራ» የሚፈርድ ነው። ልጅም ምን እንደሚያስመሰግን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አይፈልግም።

አንደኛ የወጣው ካርድ የፊት ገጹ አንዲት ጣት የምታርፍበት ባዶ ቦታ የለውም። በመካከሉ ትልቅ የዐደይ አበባ፣ በግራ ከበሮ፣ በቀኝ ርግብ፣ ከላይ የሀገር ካርታ፣ ከታች ጀበና ከነረከቦቱ ታትሞበታል። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ትናንሽ ከዋክብት ተደርድረዋል። ማኅተሞቹን አንድ በአንድ ያየናቸው እንደሆነ መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ርግቢቱ ከላጲስ በጥሩ እጅ ተቀርጻለች። ነገር ግን ሁሉም እኩል ስለሚጮኹ የሚሰማ የለም። ሠልጣኞቹ ሙሉ ነጥብ የሰጡበትን ምክንያት ስንጠይቃቸው «ብዙ ደክሞበታል» አሉን። ድካም ይከበራል፤ ሆኖም ካርዱ የተላከላት እናት የምትቀበለው የልጇን ቃል እንጂ የሥራ ሰዓት መቆጣጠሪያ አይደለም።

ይህ የመጨናነቅ ፈተና ከካርድ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ለሽያጭ የታተመ የመጀመሪያው የገና ካርድ እንደሆነ የሚነገርለት፣ እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ ለሠዓሊው ለጆን ካልኮት ሆርስሊ አዝዞ በ1,000 ቅጂ ያሳተመው ነው። እርሱም በመካከል ቤተሰብ ተሰብስቦ ጽዋ ሲያነሣ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ድኾች ሲመገቡና ሲለብሱ የሚያሳይ በሦስት የተከፈለ ሥዕል ነበር። ሕፃን ልጅ ወይን ሲጠጣ ይታያል ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። በእኛ አስተያየት ወቀሳው የመጣው ሠዓሊው በአንዲት ትንሽ ወረቀት ላይ ብዙ ሰው ስለደረደረ ጭምር ነው፤ ሕዝብ በበዛበት ሥዕል ዐይን የሚያርፈው ሠዓሊው ባላሰበው ሥፍራ ላይ ነውና።

ለተቃራኒው ምሳሌ ከካርቱም መራቅ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1898 የወጣውና ስታንተን የተባለ መኮንን የነደፈው የሱዳን ቴምብር አንድ ግመል፣ አንድ ጋላቢና ጥቂት የፖስታ ከረጢት ብቻ ይታይበታል። ግመሉ በባዶ ምድረ በዳ ላይ ይገሰግሳል። ነገሩ ሁሉ በጣት ጥፍር ልክ ሆኖ ሳለ ከክንድ ርቀት ይነበባል፤ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህልም ያለ ብዙ ለውጥ አገልግሏል። ለክፍል ውይይት የሚሆን አንድ ጉዳይ እንጨምር። የዚህ ቴምብር ወረቀት ወደ ብርሃን ሲያዙት ብቻ የሚታይ የአበባ ምልክት ነበረው፤ ምልክቱ መስቀል ይመስላል ስለተባለና ሙስሊሞች መስቀል እየላሱ ደብዳቤ መለጠፍ ቅር ስላሰኛቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 በጨረቃና ኮከብ ተተካ። ዲዛይን የሚሠራ ሰው የማይታየው ነገር እንኳ በተቀባዩ ዘንድ ምን እንደሚመስል ማሰብ እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም።

ሁለተኛው ካርድ ዐደይ አበባ ብቻ ነው። ልጂቱ አንዲት የአበባ መልክ ከድንች ቀርጻ ሃያ አራት ጊዜ አትማታለች። አሳቡ ንጹሕ ነው፤ ጉድለቱ የቀለም ነው። ቢጫ ቀለም በነጭ ወረቀት ላይ አይታይም፤ ካርዱን ከመስኮት አጠገብ ካልያዙት አበቦቹ የሻይ ጠብታ ይመስላሉ። ይህችው ማኅተም በካኪ ፖስታ ወረቀት ላይ ብታርፍ፣ ወይም በየአበባው መካከል አንድ ጥቁር ነጥብ ቢደረግ፣ ካርዱ ሌላ ካርድ ይሆን ነበር። ከዚህም ሌላ የድንቹ ውሃ ሳይጠረግ ቀለም ስለተቀባ ጠርዙ ደም እንደሚያፈስ ቁስል ተበላሽቷል። ድንች ከተቆረጠ በኋላ ፊቱን በጨርቅ ማድረቅና ጥቂት ማቆየት ይገባል፤ ቢሆንም ከአንድ ቀን በላይ ቅርጹን አይጠብቅም። ረቂቅ መሥመር የሚፈልግ ላጲስን፣ ሰፊ ቦታ መሸፈን የሚፈልግ የአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶልን ይቅረጽ።

በሦስተኛው ካርድ ላይ ቆም እንበል፤ የፊደላችንን ጠባይ የሚመለከት ነውና። ልጁ ሥዕል ትቶ «አበባ» የሚለውን ቃል በላጲስ ቀረጸ። የቀረጸው ግን በሚነበብበት አኳኋን ነው። ማኅተም ደግሞ ሁሉን ነገር ይገለብጣል። በወረቀቱ ላይ የወጣው ቃል ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ሆነ፤ ይህ ከማንኛውም ፊደል ጋር የሚያጋጥም ነው። በኛ ፊደል ላይ የሚደርሰው ግን ከዚህ ያልፋል። «በ» ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ቢገለበጥም «በ» ነው። «ባ» ግን ረጅም እግሩ በቀኝ ነው፤ ሲገለበጥ ረጅሙ እግር ወደ ግራ ይሄድና «ቦ» ይሆናል። «ሳ»ም እንዲሁ «ሶ» ይሆናል። ራብዕና ሳብዕ አንዱ የሌላው የመስተዋት መልክ የሚሆኑባቸው ፊደሎች እንዳሉ እንደዚህ ያለ ሥራ ካልገጠመው በቀር የሚያስተውል ሰው ጥቂት ነው። የዐማርኛ መምህር በአንድ ላጲስና በአንድ ምላጭ ስለ ፊደል ቅርጽ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይችላል።

ልጁ ስሕተቱን ባየ ጊዜ በቀይ ስክሪፕቶ ሠርዞ ከበላዩ በእጁ ጻፈበት። ይህን አንደግፍም፤ ስሕተቱ ሳይሆን ሥርዙ ነው ካርዱን ያቆሸሸው። ዘዴው ቀላል ነበር። ቃሉን በስስ ወረቀት ላይ ለስላሳ እርሳስ ጠንከር አድርጎ መጻፍ፣ ወረቀቱን በላጲሱ ላይ ደፍቶ በጥፍር ማሸት፤ እርሳሱ ተገልብጦ ይተላለፋል፤ በዚያው ላይ ሲቀረጽ ኅትመቱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የላቲን ፊደል የሚጠቀሙ ሰዎች 26 ማኅተም ይዘው የፈለጉትን ቃል ይለቅማሉ። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉና ያን ሁሉ መቅረጽ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ወይ ሙሉ ቃል ይቀረጻል፤ ወይ ሥዕሉ ታትሞ ጽሑፉ በእጅ ይጻፋል። እኛ የኋለኛውን እንመርጣለን። እንዲያም ሆኖ የሦስተኛውን ልጅ ድፍረት አናጣጥልም። የሚኖርበት ከተማ፣ ኢብራሂም ኤል ሳላሂና አሕመድ ሺብሬን ከሌሎች ጋር ሆነው የዐረብኛን ፊደል ሥዕል ያደረጉበት ከተማ ነው፤ የእኛውም ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን የሥዕሉ ዋና ነገር አድርጎ ኖሯል። ልጁ ይህን ሳያውቅ በዚያው በር አንኳክቷል።

አራተኛው ካርድ ለሠልጣኞቻችን «ያላለቀ» መሰላቸው። በነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ቡናማ ክበቦች ጎን ለጎን ታትመዋል፤ ሌላ ምንም የለም። የመጀመሪያው ክበብ ጥቁር ሊባል ይደርሳል፤ ሁለተኛው ደበዝዟል፤ ሦስተኛው ለዐይን ያስቸግራል። ልጂቱ ማኅተም አልቀረጸችም። ሲኒ ገልብጣ፣ ከንፈሩን አፍልታ ባወፈረችው ቡና ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነክራ፣ ሦስት ጊዜ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቡናው በየዙሩ እየቀጠነ እንደሚሄድ ኅትመቱም እየቀጠነ ሄደ። ካርዱ የተሰጠው ቡና በማፍላት ለምትተዳደር እናት ነው።

ይህን ሥራ «ያላለቀ» የሚል ሰው ከየትኛው ቦታ ላይ ምን ሊጨምር እንደሚፈልግ ብንጠይቀው ደስ ይለናል። ከክበቦቹ በላይ ጀበና ቢታተም ምሥጢሩ ወደ ማስታወቂያነት ይወርዳል። ክበቦቹን እኩል ለማድመቅ ሲኒው በየጊዜው ቢነከር ሦስት ዜሮ ይሆናሉ። ካርዱ የቆመው ልጂቱ ሁለተኛ ጊዜ ባለመንከሯ ነው። በቴክኒክ በኩል የምንነቅፈው አንድ ነገር አለ፤ ሦስተኛው ክበብ ከወረቀቱ ጠርዝ እጅግ ስለተጠጋ ትንፋሽ አጥሮታል። በተረፈ ቡናው ስኳር ሳይገባበት አልቀረም መሰለን፤ በመሳቢያችን ውስጥ ካርዱን ጉንዳን ጎብኝቶታል።

አምስተኛው ካርድ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ የተሰጠው ነው፤ ክርክር ያስነሣውም እርሱ ነው። በፊቱ ላይ የአንድ ዛፍ ቅጠል ከነጅማቱ በአረንጓዴ የማኅተም ቀለም ታትሟል። ቅጠሉ የኒም ነው፤ በሁለት ወገን የተደረደሩ፣ ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ትናንሽ ቅጠሎች አሉት። ኒም በካርቱም መንገዶች ዳር ጥላ የሚሰጥ የታወቀ ዛፍ ነው። ሠልጣኞቻችን «ይህ እንቁጣጣሽን አይገልጽም፤ ዐደይ አበባ መሆን ነበረበት» አሉ።

እኛ በዚህ አንስማማም። ዐደይ አበባ ክረምቱ ሲያበቃ የሀገራችንን ደጋ የሚሸፍን አበባ ነው። በካርቱም በመስከረም ገና ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ሜዳውም ቢጫ አይለብስም። በዐማራት ተወልዶ ያደገ ልጅ ዐደይ አበባን የሚያውቀው ከታተመ ካርድና በስልክ ከሚላክ ሥዕል ነው። በሁለተኛው ካርድ ላይ ያሉት ሃያ አራት አበቦች ቅጂ የሚመስሉት ቅጂ ስለሆኑ ነው። የኒም ቅጠል ግን በልጁ ደጃፍ ያለ ነው፤ እናቱ ሥር ተቀምጣ የምታርፍበት ዛፍ ነው። ካርዱ «አዲስ ዓመት እንደዚህ ይመስላል» አይልም፤ «እኛ ያለነው እዚህ ነው፤ እንቁጣጣሽም እዚሁ ደረሰችን» ይላል። መስከረም 1 ቀን 2015 እሑድ ዋለ። በሱዳን የሳምንቱ ዕረፍት ዐርብና ቅዳሜ በመሆኑ ያ ቀን ለብዙዎቹ እናቶች የሥራ ቀን ነበር። እንቁጣጣሽ በዚያች ከተማ የምትታየው እነዚህ ወረቀቶች ከእጅ ወደ እጅ ባለፉበት ቦታ ብቻ ነው።

አንድ ሠልጣኝ «ታዲያ ባህላችን የት ሊገባ ነው?» ሲል የተቃወመን በቅን ልቡና ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ካርዱን ግለጠው የሚል ነበር። ውስጡ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ እማዬ» ይላል። በማተሚያ ቤት የታተመው ካርድ ተቀባዩ ማን እንደሆነ ስለማያውቅ «አደረሳችሁ» ወይም «አደረሰዎ» ብሎ ያልፋል። በእጅ የተጻፈው ግን ለእናት «ሽ»፣ ለወንድም «ህ»፣ ለአያት «ዎ» ይላል። ዐማርኛ በግሥ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠውን ይህን ቅርበት ጥሎ የታተመ ጽሑፍ የሚገለብጥ ተማሪ ከባህሉ ብዙ ይጥላል፤ አበባ ያልሣለው ግን አልጣለም። ከአምስቱ ካርዶች ሦስቱ ለአንዲት እናት የተሰጡ ሆነው ሳለ «አደረሳችሁ» ይላሉ፤ ከሰሌዳ የተገለበጠ ለመሆኑ ሌላ ማስረጃ አያሻም።

ልጅ በዙሪያው ባገኘው ነገር መሥራቱን ትልልቅ ድርጅቶችም ሲያከብሩት ታይቷል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው የመጀመሪያ ካርዱ ይትካ ሳምኮቫ የተባለች የሰባት ዓመት የቼኮስሎቫኪያ ልጅ የሣለችው ነው። ከጦርነቱ በኋላ በመንደሯ ወረቀት ስላልተገኘ የሣለችው በመስተዋት ቁራጭ ላይ ነበር። በሀገራችንም ቢሆን የኅትመት ጥበብ እንግዳ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ሐንሰን ባሂያ የተባለው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ባለሙያ አስተምሯል። ከዚያ ወዲህ ጥቂት መሥመር ቀርጾ ብዙ ማለት በኛም ሠዓልያን ዘንድ የታወቀ መንገድ ሆኗል። መንገዱ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ድረስ አልወረደም እንጂ።

ይህን በክፍል ለመሞከር ለሚያስቡ መምህራን ጥቂት እንበል። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲቆረጥና እያንዳንዱ ሲታጠፍ ሁለት ካርድ ይወጣዋል። ማጠፊያው በቀለሙ ያለቀ ስክሪፕቶ አስቀድሞ ቢሰመር ወረቀቱ አይሰበርም። ከሥር ጥቂት ጋዜጣ ማንጠፍ፣ ማኅተሙን በተጣራ ቀለም በሰፍነግ ማቅለም እንጂ በቀለም ውስጥ አለማጥለቅ፣ ቀጥ አድርጎ ማሳረፍና ቀጥ አድርጎ ማንሣት ይበቃል። ምላጩን መምህሩ ይያዝ፤ በስድሳ ልጅ መካከል ስድሳ ምላጭ ማደል አይገባም፤ ለአምስት ልጆች አንድ ማኅተም ተቀርጾ በየተራ ሊያትሙ ይችላሉ። የንጹሕ ካርድ ቀንደኛ ጠላት የልጁ አውራ ጣት ነው፤ ቀለም የነካ እጅ ወረቀት እንዳይነካ አንዱ ልጅ ያትም፣ ሌላው ወረቀቱን ይያዝ። ከሁሉ በላይ መምህሩ በሰሌዳ ላይ ናሙና አይሣል። ናሙና በተሣለበት ክፍል ስድሳ ካርድ አይሠራም፤ አንድ ካርድ ስድሳ ጊዜ ይባዛል። ለዚያማ ፎቶ ኮፒ ይበልጣል፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕልም በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ቀለም ብቻ እየተቀባ ሲታደል እያየን ነው።

በነጥብ አሰጣጥ ረገድ እኛ በተቋማችን ያደረግነው ለውጥ አለ። «ብዙ ሠርቷል» የሚለውን መለኪያ አውጥተን፣ ሠልጣኙ ከካርዱ ላይ አንድ ነገር በጣቱ ሸፍኖ «ይህ ባይኖር ምን ይጎድላል?» ብሎ እንዲጠይቅ አድርገናል። ምንም ካልጎደለ የተሸፈነው ነገር ትርፍ ነው። በአንደኛው ካርድ ላይ ይህን ስንሞክር ከርግቢቱ በቀር ሌላውን ሁሉ ሸፈንን፤ ርግቢቱ ብቻዋን ቀረች፤ በጣም አማረች።

አንድ ነቀፋ ለሁሉም ይድረስ። አራቱ ካርዶች ማን፣ መቼ፣ የት እንደሠራቸው የሚናገር ምልክት የላቸውም፤ የነገሩን ያመጧቸው እናት ናቸው። የኒሙ ቅጠል ብቻ ጀርባው ላይ «መስከረም 1 ቀን 2015፣ ዐማራት» የሚል ጽሑፍ አለው። የተጻፈው በእርሳስ ነው፤ በስክሪፕቶ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ወደ ፊት ገጹ ያልፍ ነበር።